ቃል አዋጪዎቹና የማዋለጃው ክፍል

በላይኛውም በታችኛውም መንገድ፣ በግንብ አጥርና በቆርቆሮ አጥር ውስጥ የምትኖሩ፣ የምትከራዩም የምታከራዩም ሁሉ፦ የቆማችሁ ጸጥ በሉ፣ የተቀመጣችሁ ተነሡ! ከአንድ ብዕርና እግሩ በክር ከታሰረ አንድ መነጽር በቀር ሠራዊት የሌላቸው፣ ከእቅድና ሪፖርት ክፍል በክብር ጡረታ የወጡት፣ የሰፈራችን የጥናት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የግቦች አባት፣ የዓላማዎች ጠባቂ፣ ክቡር አጠቃላይ ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው መዘዋል። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ማንም ሰው የሚፈልገውን ነገር በአጭሩ እንዳይናገር ተከልክሏል።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር አለ የሚል ካለ ያሳየንና እቃችንን ጠቅልለን እንግባበት። ጥቂት ጎረቤታሞች ተሰብስበው «ይኼ ነገር ለምን ሆነ? እስቲ እንጠይቅና እንወቅ» ባሉ ቁጥር፣ ገና ሳይጠይቁ ጉሮሮውን ጠርጎ «መጀመሪያ ዓላማችንን እናስቀምጥ» የሚል አንድ ሰው ከመካከላቸው ይነሣል። ክፋቱ ደግሞ እውነቱን ነው። ምን ሊያገኝ እንደወጣ የማያውቅ ጥናት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሰውየው ግን ዓላማውን ሲያስቀምጠው፣ ዓላማው እንደ ወፍራም እንግዳ በሩን ሞልቶ ይቀመጥና ከኋላው የሚገባ ነገር ይጠፋል።

«አጠቃላይ» የሚለውን ስም ያወጣችላቸው ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ናት። ዛሬ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት፤ ያኔ ግን ዳቦ የምትላክ ልጅ ነበረች። መላኩ ቀላል አልነበረም። እሳቸው መጀመሪያ የመንገዱን አጠቃላይ ዓላማ፣ ቀጥሎ ዝርዝር ዓላማዎቹን፣ ከዚያም የሚጠበቀውን ውጤት ያስረዷታል፤ ልጅቱ ሱቅ ስትደርስ ዳቦው አልቆ ይጠብቃታል። «ጋሼ፣ ዳቦ በሉኝና ልሂድ» ትላቸው ነበር። እሳቸው ራሷን ዳበስ አድርገው፣ ዳቦ ብቻ ካሏት የቤተሰቡን የምግብ ዋስትና ማን እንደሚያስብ ይጠይቋታል። ልጅ በባዶ ሆዷ የምታወጣው ስም አይስትም፤ ሰፈሩ ሰምቶ ተቀበለው፣ «ክቡር» የሚለውን ደግሞ ከራሱ ጨመረበት።

ሰብሳቢ ከሆኑ ወዲህ የፈጸሙት ጀብዱ ብዙ ነው። በታችኛው መንገድ ያለው አምፖል ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚቃጠል ይጠና ተባለ። ክቡር አጠቃላይ ዓላማውን ሲያጠናቅቁት «የነዋሪውን ብርሃን ነክ ግንዛቤ ማጎልበት» ሆኖ ወጣ። አይታማም፣ ጎለበተ፤ ዛሬ መንገዱ ጨለማ መሆኑን የማይገነዘብ ነዋሪ የለም። ቆሻሻ መጣያው ለምን ሞልቶ እንደሚፈስ ሊጠና ሲል ደግሞ «ሞልቶ መፍሰስ» ተስፋ የሚያስቆርጥ አነጋገር ነው ተብሎ «የተትረፈረፈ አቅም» በሚል ተተካ። አቅማችን ይኸው አስፋልቱ ድረስ ዘልቋል፤ ድመቶችም በየማለዳው ይጎበኙታል።

የኮሚቴውን ደንብ ያላወቀ ግን የሰውየውን ጥበብ አላወቀም። በዚያ ኮሚቴ ዓረፍተ ነገር የሚጻፈው በመዋጮ ነው። እያንዳንዱ አባል የራሱን ቃል ያዋጣል፤ ቃሉም ባለቤት ይኖረዋል፤ ባለቤት ያለው ቃል አይሰረዝም። ቃሉ የተሰረዘበት ሰው እንደተሰደበ ይቆጠራል፣ በማግስቱ መንገድ ላይ ስታገኘው ሰማይ ሰማዩን እያየ ያልፍሃል። ክቡር አጠቃላይ ለዚህ ደንብ የሚጠቅሱት ምሳሌ አላቸው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ። ሃምሳውን ሎሚ አፉ ውስጥ ከትተው «በል ተናገር» ያሉት ሰው ምን እንደሚሆን ግን ምሳሌው አይናገርም።

አዋጪዎቹንም እንወቃቸው። ሻምበል አለ፤ ጦሩን ከተሰናበተ ብዙ ዘመኑ ነው፣ ጦሩ ግን እሱን አልተሰናበተውም፤ በማናቸውም ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሰላምና ጸጥታ» ካልገባ አያድርም። የወጣቶች ተወካይ አለ፤ ጺሙ ከሸበተ ቆይቷል፣ ወጣቶችን መወከል የጀመረው በራሱ ወጣትነት ጊዜ ነበርና እነሱ እየተለወጡ እሱ ቀረ። ባለ ቀለም ሱቁ ደግሞ የሴቶች ተወካይ ነው። አዎ፣ በትክክል ነው ያነበብከው። የተመረጠችው ሚስቱ ናት፤ እሷ ግን ሱቁን ስለምትጠብቅ ስለ ሴቶች ለመናገር ጊዜ አላገኘችምና ባልዋ እየመጣ ይናገርላታል።

ስብሰባቸው ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ነው። ሰፈሩ ውስጥ እንደዚያ ያለ ጥላ የለም። ዘበኛው ረጅም አግዳሚ ወንበር አውጥቶላቸው ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ፣ እግራቸውን ወደ መተላለፊያው ዘርግተው ዓላማ ያስቀምጣሉ። ከግድግዳው ጀርባ የማዋለጃው ክፍል ነው፤ አዋላጇ መስኮቷን በከፈተች ቁጥር የአጎቷን ሳል ትሰማለች፣ ከሳሉም ስብሰባው የት እንደደረሰ ታውቃለች። አንዴ የሳሉ እንደሆነ ቃል ሊጨምሩ ነው። ደጋግመው የሳሉ እንደሆነ ሻምበል ጨምሯል።

ታዲያ አንድ ቀን ከጤና ቢሮ አንድ ባለሙያ መጣና አዋላጇን አስቀመጣት። ክፍልሽ ንጹህ ነው፣ አልጋሽም ደህና ነው፣ ግን ባዶ ነው አላት። የሰፈሩ ነፍሰ ጡሮች እዚህ በእግራቸው መድረስ እየቻሉ፣ መኪና ተኮናትረው ከተማውን አቋርጠው ትልቁ ሆስፒታል ይሄዳሉ፤ አንዷም ባለፈው ሳትደርስ መኪና ውስጥ ወልዳለች። ሴቶቹ ለምን እንደማይመጡ ሰፈሩ ራሱ አጥንቶ ካላሳወቀ፣ ክረምቱ ሲገባ ክፍሉ ይዘጋል፣ አልጋውም እሷም ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ። ለማጥናት ከፈለጉ ግን ቢሮው ያግዛል። የሚፈልገው መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማንን፣ ስለ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚጠይቁ የሚናገር፣ በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ አንድ ዓረፍተ ነገር።

አዋላጇ ደስ አላት። ነገሩ ያለቀ መሰላት፤ ያሳደጋትን ሰው ለአንድ አፍታ ረስታ ነበር። ወደ በረንዳው ወጥታ ለአጎቷ ነገረቻቸው። እርጉዞቹ ለምን ወደ እኔ እንደማይመጡ ክረምት ሳይገባ ከራሳቸው መጠየቅ ነው፣ አለች፤ አለቀ። ክቡር አጠቃላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ቃሉን እንደ መድኃኒት በምላሳቸው አገላበጡት።

«አጥንቱ ጥሩ ነው» አሉ። «ሥጋ ይጎድለዋል። ቃሉ ትንሽ ሰፋ ይበል፣ ማንንም እንዳናስቀር።»

ሥጋው መጣ። «ሁለንተናዊ» የሚለውን ራሳቸው አዋጡ፤ ያለ እሱ ብዕር አይዙም፣ ሲጽፉትም እጃቸው ይለሰልሳል። ሻምበል ሰላምና ጸጥታን አዋጣ። ሽበታሙ ወጣት «የወጣቶችን ተሳትፎ» አመጣ። ወጣቶች የማያረግዙ ከሆነ ማን ሊያረግዝ ነው ብሎ ሲጠይቅ ባለ ቀለም ሱቁ አጨበጨበለት፣ እሱም በተራው ስለ ሴቶች አስቦ አስቦ «የንግዱን ማኅበረሰብ ማነቃቃት» የሚል አዋጣ። ዘበኛው እንኳ ከበሩ ላይ ሆኖ ስለ አረንጓዴ አካባቢ አንድ ነገር ጣል አደረገ፤ ወንበሩ የሱ ነውና ማን ይከልክለው። በመጨረሻ ሁሉም እንደ ድግስ ማሳረጊያ «መዳሰስ፣ መፈተሽ፣ መተንተንና የመፍትሔ አቅጣጫ ማመላከት» ብለው ዘጉት። ነፍሰ ጡሮቹ ጅራቱ ላይ፣ «በተለይም» ከሚለው ቃል ኋላ፣ ተጨናንቀው ተሳፈሩ።

ከዚያ ትንፋሹ ተፈተሸ። ሻምበል ደረቱን ነፍቶ ተነሣና ማንበብ ጀመረ። «የአካባቢያችንን ማኅበረሰብ ሁለንተናዊ ደኅንነት» ላይ ድምፁ ግንብ ያፈርስ ነበር። ጸጥታ ጋ ሲደርስ ፊቱ ቀላ። የንግዱ ማኅበረሰብ ላይ አንገቱ ሥር ጅማቶች ተነሡ፤ «በተለይም» ብሎ ተቀመጠ፣ ውሃም ተሰጠው። እንግዲህ አንድ ነገር መውጣት ነበረበት።

እያንዳንዱ ቃል ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ሻምበል ሰላምን እንደ ልጁ አቅፏል። ሽበታሙ ወጣት ከወዲሁ ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀምሯል። ከዓረፍተ ነገሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ቢፈለግ ባለቤት የሌለው፣ ቢሰረዝ ማንም የማይቀየምበት አንድ ነገር ብቻ ተገኘ፤ እሱም ነፍሰ ጡሮቹ ነበሩ። አዋላጇ የኮሚቴው አባል አይደለችም፤ ያመጣችውም ሐሳብ እንጂ መዋጮ አይደለም። ክቡር አጠቃላይ አንዴ ሳሉ። ከዚያ፣ ከወትሮው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እናቶችም እኮ «ማኅበረሰብ» በሚለው ውስጥ አሉ አሉ። ሁሉም እፎይ አለ። ተሰረዘ፣ ተጨበጨበ፣ በአንድ ትንፋሽም ተነበበ።

አዋላጇ በመስኮቱ ሰማች። አንሶላ እያጠፈች ነበር፤ አንሶላውን እንደያዘች ወጣች።

«ጋሼ፣ እርጉዞቹ የት ሄዱ?»

«ውስጥ ናቸው፣ ልጄ። ተካተዋል። ማኅበረሰብ ውስጥ ናቸው።»

«እዚያ ውስጥ ከገቡ ስንተኛ ወራቸው ነው?» አለችና ተመለሰች። ባለ ቀለም ሱቁ፣ የሴቶች ተወካይነቱ ትዝ ብሎት፣ ሴት ልጅ እንዲህ ስትቆጣ አዝኖ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ጥናቱ ተጀመረ። ኮሚቴው በየቤቱ እየዞረ በር ያንኳኳል፤ በሩ ሲከፈት ሰላምታ የለም፣ ሻምበል ዓላማውን በአንድ ትንፋሽ ያነባል፣ ሌሎቹም የነዋሪውን ፊት ያያሉ። አንድ ሽማግሌ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡና «አሜን» ብለው በሩን ዘጉ። አንዷ እመቤት ዕቃ ሻጮች መስለዋት ባለፈው የገዛሁት ተሰብሯል አለቻቸው። ሌላው ሙሉ በሙሉ እንደሚደግፍ አስታውቆ፣ የጎረቤቱ ውሻ ይታሰርልኝ ብሎ ጠየቀ። ይህም «ሰላምና ጸጥታ» በሚለው ሥር ተመዘገበ፤ ሻምበልም ዓላማው መሬት ላይ እየወረደ መሆኑን በኩራት ተናገረ።

ፀጉር ቤትም ገቡ። ፀጉር ሠሪዋ መውለጃዋ የተቃረበ፣ ሆዷ ከመስታወቱ ጠርዝ ጋር የሚጋፋ ሴት ናት፤ ምላሷም ከመቀሷ አይተናነስም። የደንበኛዋን ጭንቅላት እንደያዘች ዓላማውን ሰማች፣ ማበጠሪያዋንም አስቀመጠች። ዓላማችሁ ደስ ይላል፣ እኔን ግን ምን አድርጊ ነው የምትሉኝ? አለቻቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ሥራ ላይ ያለችን ሴት ማቋረጥ ጨዋነት አይደለምና ወጡ፤ የዚያችን ሴት ሆድ አይቶ አንድ ጥያቄ ትዝ ያለው ሰው ከመካከላቸው አልነበረም።

የጤና ቢሮው ባለሙያ ተመልሶ መጣ። ዓላማውን አነበበ፣ የተሰበሰበውንም መልስ አነበበ፤ ውሻው ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ትሑት ሰው ነው፣ አልሰደበም። ይህን ዓላማ ለጸጥታ ቢሮ፣ ለወጣቶች ቢሮና ለንግድ ቢሮ ብትወስዱት ሦስቱም ደስ ይላቸዋል፣ የኛ ቢሮ ግን ስለ መውለድ ነበር የጠየቀው አለ። ሳምንት ይመለሳል። እስከዚያ የሴቶቹን መልስ ካላገኘ የክፍሉን ቁልፍ ይዞ ይሄዳል።

ክቡር አጠቃላይ ይህን ሲሰሙ፣ ቢሮዎች ተቀናጅተው አለመሥራታቸው የዘመናችን ሁለንተናዊ ችግር መሆኑን ለባለሙያው ገለጹለት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉሃል ይኼ ነው።

እሑድ ከሰዓት አዋላጇ ወደ አጎቷ ቤት ሄደች። ልትጣላቸው ነበር የወጣችው። መንገድ ላይ ግን አሰበችበት፤ እሳቸውን በቃል መጣላት እሳትን በነዳጅ መጣላት ነው። ስትገባ የመነጽራቸውን እግር በአዲስ ክር ሊያስሩ ሲታገሉ አገኘቻቸው። አጠገባቸው ተቀምጣ መነጽሩን ያዘችላቸው።

«ጋሼ፣ እናቴ እኔን ልትወልድ ምጥ ሲይዛት አጠገቧ ማን ነበር?»

«እኔ ነኛ። አባትሽ መንገድ ሄዶ።»

«መኪናስ ማን አመጣላት?»

«እኔ። የጎረቤታችንን ሹፌር ከምሳው ላይ አስነሥቼ።»

«ምን ብለው አስነሡት?»

ክሩን በጥርሳቸው እንደያዙ አሰቡ። «እህቴ ልትወልድ ነው፣ ቶሎ አድርሰን፣ አልኩት።»

«ሁለንተናዊ አላሉትም?»

ክሩን ሳቡት።

«ዘላቂስ? አቅጣጫ ማመላከትስ?»

«አንቺ ልጅ።»

«ብለውት ቢሆን ኖሮ እኔ የሹፌሩ ደጃፍ ላይ ነበርኩ የምወለደው» አለች። «ማን እንደሆነች ነገሩት፣ ምን እንደሆነች ነገሩት፣ መቼ እንደሚፈልጉት ነገሩት። ቢሮውስ ከዚህ የተለየ ምን ጠየቀ? ክፍሌን ሊዘጉት ነው፣ ጋሼ።»

ክሩን አሰሩና መነጽሩን አደረጉት። ተጣሞ ነበር፤ አላስተካከሉትም። ሻይ ልታፈላ ስትነሣ ተዪው አሏት፤ ስትወጣም፣ የዘወትር ልማዳቸውን ትተው፣ የመንገዷን ዓላማ ሳይጠይቋት በሩን ዘጉላት። እሷም ታመው እንዳይሆን ፈርታ ከመንገድ ላይ ሁለቴ ዞራ አየች።

በማግስቱ በረንዳው ላይ የሆነውን የሰፈራችን ታሪክ ጸሐፊ ቢኖረው ኖሮ በወርቅ ቀለም ይጽፈው ነበር። ክቡር አጠቃላይ ብዕራቸውን መዘው መጀመሪያ «ሁለንተናዊ» የሚለውን ሰረዙ። የገዛ ልጃቸውን። አዋላጇ በመስኮት እያየች ነበር። ቀጥሎ የንግዱ ማኅበረሰብ ሄደ፣ ወጣቶች ሄዱ፣ አረንጓዴውም ተነቀለ። ሰላም ጋ ሲደርሱ ሻምበል ቆመ።

«ሰላምን ልትሰርዝ ነው?»

«ሰላምህን ይዘህ ግባ፣ ሻምበል። እዚህ ግን የሴቶቹ ቦታ ላይ ነው የተኛው።»

ሻምበል ሰላሙን ይዞ ገባ፤ ሲገባ ግን የቤቱን በር የዘጋው በጦርነት ነው። ሌሎቹም ተከተሉት። ባለ ቀለም ሱቁ ጉዳዩን ለተመረጠችው ተወካይ፣ ለሚስቱ፣ አቀርበዋለሁ ብሎ አስፈራራ፤ እሷን አማክሮ የማያውቅ ሰው በዚያ ቀን ምክሯ ትዝ አለው። ወንበሩ ላይ ክቡር አጠቃላይና ወረቀታቸው ብቻ ቀሩ። ወረቀቱም እንዲህ ይላል፦ «ነፍሰ ጡር እናቶቻችን ወደዚህ ማዋለጃ ክፍል የማይመጡት ለምን እንደሆነ፣ ሳምንቱ ሳያልቅ ከራሳቸው አፍ ሰምቶ ማወቅ።»

የሚጠይቅ ሰው ስላልነበረ ራሳቸው ወጡ፤ አዋላጇም አብራቸው። መጀመሪያ የሄዱት ፀጉር ቤት ነው። ክቡር አጠቃላይ ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ። ከማለቁ ፍጥነት የተነሣ አፋቸው ለቀጣዩ ቃል እንደተከፈተ ቀረ፤ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ዕርቃንነት ተሰምቷቸው አያውቅም። ፀጉር ሠሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አሁን ገና ሰው ጠየቀኝ» አለች። «እናንተ በሩ ላይ ተሰልፋችሁ እያላችሁ እንዴት አድርጌ ልምጣ፣ ጋሼ?»

«እኛ?»

«ታዲያ ማን? ባለፈው መጥቼ አልነበር? ሻምበል ከላይ እስከ ታች አይቶኝ ስንተኛ ወር ላይ እንደሆንኩ ነገረኝ። ያ ሽበቱ የጎመራ ወጣታችሁ መንታ ነው አለ። ባለ ቀለም ሱቁ ከወንበሩ ተነሥቶ ሆድሽ ቁልቁል ወርዷል፣ ሴት ናት ብሎ ከሻምበል ጋር ተወራረደ። እርስዎ ደግሞ…»

«እኔ ምን አልኩ?»

«‹የአመጣጥሽ አጠቃላይ ዓላማ ምንድን ነው?› አሉኝ። ይኼን ሆድ ተሸክሜ። ከበሩ ተመለስኩ። አባቴን የሚያውቁ ወንዶች ተደርድረው እያዩኝ ከምገባ መኪና ውስጥ ብወልድ ይሻለኛል፤ ሹፌሩ ቢያንስ የሚያየው መንገዱን ነው።»

አዋላጇ ልትስቅ ነበር፤ የአጎቷን ፊት አይታ ተወችው። ከዚያ በየቤቱ ሄዱ። መልሱ አንድ ነው፣ ስድቡ ብቻ ይለያያል። አንዷ «ያ የዳኞች ችሎት» አለችው፣ አንዷ «የቁንጅና ውድድሩ»። ወንድሟ የሽበታሙ ወጣት ጓደኛ የሆነ አንዲት ልጅ ደግሞ፣ ማርገዟን ባሏ ከመስማቱ በፊት ወንበሩ ሰምቶታል ብላ ለክቡር አጠቃላይ ፊታቸው ላይ ተናገረች። እሳቸው አንድም ቃል አልጨመሩም። ሁሉንም እንዳሉት ጻፉ።

ወሬ ክንፍ አለውና ኮሚቴው ሰምቶ ኩርፊያውን ጥሎ ተመለሰ። ሰላምታ የነፈገ ሰው ጥፋቱ ሊጻፍበት መሆኑን ሲሰማ ቶሎ ይታረቃል። መዋጮም እንደገና ተጀመረ። ሽበታሙ ወጣት «የመቀመጫ አቀማመጥ ተግዳሮት» ይባል አለ። ባለ ቀለም ሱቁ ችግሩ የሴቶቻችን ዓይን አፋርነት መሆኑን፣ ስለዚህም ለሴቶቹ ሥልጠና እንደሚያስፈልግ አስረዳ። አዋላጇ በመስኮቷ በኩል የአጎቷን ጀርባ እያየች አንድ ሳል ጠበቀች። ቢስሉ አለቀላት፤ ክፍሏ ስለ ሴቶች ዓይን አፋርነት በሚናገር ባማረ ዓረፍተ ነገር ተገንዞ ይቀበራል።

አልሳሉም። ጎንበስ ብለው ጻፉ፤ ከዚያ አነበቡላቸው፦ «የማይመጡት እኛ በሩ ላይ ስለምንቀመጥ ነው።»

ሻምበል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመነ። «እኛ አትበል፣ በእናትህ። ‹አንዳንድ ወገኖች› በል።»

«እኛ ነው የሚባለው» አሉ ክቡር አጠቃላይ። «ማንንም እንዳናስቀር።»

ፈረሙበት። ብቻቸውን። ከዚያ ተነሥተው የአግዳሚውን አንድ ጫፍ ያዙ፣ ሌላውን ጫፍ የሚይዝ ሰው እስኪመጣም ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። ማንም አልመጣም። በመጨረሻ ዘበኛው ራሱ መጥቶ፣ ስለ አረንጓዴው የተቀየመውን እያጉተመተመ፣ አብሯቸው ወደ መጋዘን አስገባው።

ባለሙያው ተመልሶ ያቺን ዓረፍተ ነገር አነበባትና ሳቀ፤ ከዚያ ስለ ሰውየው ክብር ሲል ሳቁን ቶሎ ዋጠው። ቁልፉን አልወሰደም። ክረምቱ ገባ፣ በረንዳው ላይ ዝናብ ብቻ ይቀመጣል፤ ሴቶቹም ጃንጥላ እየያዙ፣ ማንም ወራቸውን ሳይነግራቸው ይገባሉ። ፀጉር ሠሪዋ እዚያው ወለደች። ባለ ቀለም ሱቁ እንዳለው ሴት አይደለችም፤ ወንድ ነው፣ ውርርዱንም ሻምበል በላው።

ክቡር አጠቃላይን ኮሚቴው ከሰብሳቢነት አወረዳቸው። የውሳኔው ዓረፍተ ነገር ሁሉም ያዋጡበት ነው፤ ከርዝመቱ የተነሣ መውረዳቸው የተነገረው መጨረሻው ላይ ነበርና፣ እሳቸው እስከዚያ ድረስ ሲሾሙ መስሏቸው በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። አንድ ነጠላ ሰረዝም ሊያርሙለት ሞከሩ።

አዋላጇ አሁን ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። የምትፈልገው ይኸው ነበር። ግን መስኮቱን ስትከፍት ጆሮዋ የሆነ ነገር ይፈልጋል። ባለፈው አንዲት ወላድ ረጅም ምጥ ይዟት ሲያስጨንቃት፣ ራሷን ሳታስበው ወደ ግድግዳው ዞራ «ጋሼ» ልትል አፏን ከፈተች። ሰውየው ሊረዷት አይችሉም ነበር፤ ቢጠሩ ኖሮ ዝርዝር ዓላማዎቹን ነው የሚጀምሩላት። ሆኖም ግድግዳው ባዶ ሲሆንባት፣ ሕይወቷን ሙሉ ስታፌዝባቸው የኖረችው ሰው ሁልጊዜ አንድ ግድግዳ ብቻ ርቀው ይቀመጡ እንደነበር ገባት። ይህን ለማንም አልተናገረችም። እኛም የሰማነው ከወላዷ ነው።

እሳቸው ደግሞ ብዕራቸውን ይዘው በየደጁ ይዞራሉ። ስብሰባ የለቀቀ ሰው ምን ይሆናል? ሰሞኑን እናቶቹ ከወለዱ በኋላ ልጆቻቸውን ለክትባት ለምን እንደሚያዘገዩ ሊያጠኑ አስበዋል፤ ጥያቄውም ጥሩ ነው፣ የሚቀመጡበት ጥላ ግን የላቸውም። እንግዲህ አንተ በየስብሰባው አንዳንድ ቃል ስታዋጣ የኖርክ አንባቢ፣ አታፍጥ፣ አንተን ነው። ግቢህ ውስጥ የማንም መግቢያ ያልሆነ፣ ነፍሰ ጡር የማታልፍበት፣ አንድ ወንበርና አንድ ሽማግሌ የሚችል ጥላ ካለህ፣ እባክህ ሰውየውን ጥራቸውና አስቀምጣቸው።